የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ፦ በምርመራ ክፍል የተጻፈው እንዴት የአገር ቁጥር ይሆናል?

ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች «ወረቀት አልባ» አገልግሎት ጀመሩ የሚል ዜና በቅርብ ዓመታት ደጋግመን ሰምተናል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ካርድ ክፍል ነው፤ ካርድ ጠፋ ተብሎ መጉላላት፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ከክፍል ክፍል መመላለስ ቀረ ይባላል። ይህ ለታካሚው ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚህ ጀርባ ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ሥራ አለ። ሐኪሞችና ነርሶች ለየታካሚው የመዘገቡት መረጃ ተሰብስቦ፣ ተደምሮና ተነጻጽሮ መድኃኒት የት ይላክ፣ ክትባት የት ጎደለ፣ ወባ የት ተነሣ ለሚሉ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያንን ሥራ ነው፤ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ብቻ ትክክል ይሆናል የሚለው እምነት የት ላይ እንደሚሳሳትም ያሳያል።

የኤሌክትሮኒክ መዝገብና ዲኤችአይኤስ 2 አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የአንድን ሰው የሕክምና ታሪክ በስሙና በካርድ ቁጥሩ የሚይዝ ነው። መቼ መጣ፣ ምን አመመው፣ የደም ግፊቱ ስንት ነበር፣ ላቦራቶሪው ምን አገኘ፣ የትኛው መድኃኒት ታዘዘለት፣ ቀጠሮው መቼ ነው የሚለው ሁሉ እዚያ ይገኛል። በኢትዮጵያ በተለይ በኤችአይቪ ሕክምና ክፍሎች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ስማርትኬር የዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ሥርዓት ነው። መነሻው በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ ልማቱን የሚያስተባብረው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይጠቀምበታል። ሥርዓቱ የግለሰብ መረጃ መከታተያ ክፍልም አለው፤ በወርሃዊው ሪፖርት የሚገባው ግን ስም ሳይሆን ድምር ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የዕድር መዝገብን ማሰብ ይበቃል። ገንዘብ ያዡ «በዚህ ወር ከ60 አባላት 48ቱ ከፍለዋል» ብሎ ቢናገር የመዋጮውን ሁኔታ እናውቃለን፤ ያልከፈሉት 12 ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን የምናገኘው መዝገቡን ገልጠን ስም በስም ስናይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የገንዘብ ያዡ ንግግር ነው፤ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገቡ ደግሞ ራሱ መዝገቡ ነው። ለሚኒስቴሩ ዕቅድ የመጀመሪያው ሊበቃ ይችላል፤ ለነርሷ ሥራ ግን ሁለተኛው ያስፈልጋታል።

ታካሚው ቁጥር የሚሆነው እንዴት ነው?

በወረቀት አሠራር አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትመጣ አዋላጅ ነርሷ መጀመሪያ በእናቲቱ ካርድ ላይ ትጽፋለች፤ ቀጥሎ ያንኑ መረጃ በክፍሉ ትልቅ ሬጅስተር አንድ መስመር ላይ ትገለብጣለች፤ ከዚያም በታሊ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ትጨምራለች። ወሩ ሲያልቅ ጭረቶቹ ተቆጥረው በሪፖርት ቅጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ የጤና መረጃ ባለሙያው ከየክፍሉ የመጡትን ቅጾች አሰባስቦ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 ያስገባል። አንድ ቁጥር ከእናቲቱ ካርድ ተነሥቶ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እስኪደርስ አራት ያህል እጅ መገልበጥ አለበት ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ግልበጣ ላይ ደግሞ የሚዘለል መስመርና ሁለት ጊዜ የሚጫር ጭረት አይጠፋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የጤናው ዘርፍ የሪፖርት ወር ከወሩ 1 እስከ 30 አይደለም፤ ከ21 ተነሥቶ በሚቀጥለው ወር 20 ላይ ይዘጋል። ከ20 በኋላ ያሉት ቀናት የጤና ኬላው፣ የጤና ጣቢያውና የወረዳው ሪፖርት በቅደም ተከተል ተጠቃሎ ወደ ላይ እንዲያልፍ የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ «የጥቅምት ሪፖርት» ሲባል ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ያለው ነው። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሪፖርት እንዲያወጣ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህን ካላወቀ፣ ወይም ሥርዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ከኮምፒውተሩ የወጣው ድምርና ከሬጅስተሩ የወጣው ድምር አይገናኙም፤ ስህተቱም የነርሷ ይመስላል።

መዝገቡ በሚገባ የተዘረጋ ከሆነ ግን ግልበጣው ሁሉ ይቀራል። ነርሷ የምትጽፈው አንድ ጊዜ፣ እናቲቱን በምታክምበት ሰዓት ነው። ሪፖርቱ ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ በተወሰነ መመዘኛ ተለይቶ ይወጣል፦ ለምሳሌ «ጉብኝት ዓይነት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የጉብኝት ቁጥር 4፣ ቀን በሪፖርት ወሩ ውስጥ» የሚለውን የሚያሟሉ መዝገቦችን ቁጠር ብሎ ማዘዝ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ትልቁ ተስፋ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ሪፖርት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ቀርቶ በሕክምናው አጋጣሚ የሚገኝ ውጤት ይሆናል።

ሐኪሙ የጻፈውን ኮምፒውተሩ ይገባዋል?

እንዳጻጻፉ ይወሰናል። አንዱ ሐኪም «ኒሞኒያ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው በምሕጻር «ሲኤፒ» ይላል፤ ሦስተኛው «የሳንባ ኢንፌክሽን» ብሎ ያልፋል። ለሐኪሞቹ ሦስቱም ተቀራራቢ ነገር ናቸው፤ ለቆጣሪው ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ምርመራው በነጻ ጽሑፍ ብቻ የሚገባበት መዝገብ ለሕክምና ቢጠቅምም ለትንተና ብዙ አይረዳም።

መፍትሔው ኮድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ መለያ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም ከእሱ ጋር የተጣጣመ የራሷን አጠር ያለ የበሽታዎች ዝርዝር ለሪፖርት ትጠቀማለች። ሐኪሙ ከዝርዝሩ ሲመርጥ ማንኛውም ሰው በምንም ቋንቋ ቢጽፍ ቁጥሩ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ይህም የራሱ ፈተና አለው። ከደጅ 30 ሰው በሚጠብቅበት ተመላላሽ ክፍል ረጅም ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቶሎ የሚገኘውን «ሌሎች» የሚለውን ይመርጣል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርት «ሌሎች» ከቀዳሚዎቹ በሽታዎች ተርታ ከተሰለፈ፣ የሚነግረን ስለ ኅብረተሰቡ በሽታ ሳይሆን ስለ ዝርዝሩ አዘገጃጀትና ስለ ሐኪሙ የሥራ ጫና ነው።

አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ቢመዘገብስ?

ይህ ለእኛ አገር መዝገብ ለየት ያለ ራስ ምታት ነው። ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሆኖ ይሄዳል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ የተለያዩ ሆሄያት አሉት። ካርድ ክፍል ውስጥ ያለችው ሠራተኛ «ፀሐይ ኃይሉ» ብላ የመዘገበቻትን ሴት፣ በሌላ ቀን ተረኛ የሆነው «ጸሃይ ሀይሉ» ብሎ ቢፈልጋት ሥርዓቱ «የለችም» ሊለው ይችላል፤ እሱም አዲስ ካርድ ያወጣላታል። በላቲን ፊደል የሚመዘግብ ተቋም ከሆነ ደግሞ የአጻጻፉ ዓይነት ይበዛል። የትውልድ ቀኗን በትክክል የማታውቅ ከሆነ ዕድሜዋ በግምት ይገባል፤ አንዱ 34 ያላትን ሌላው 37 ይላታል።

ውጤቱ ከወረቀት ሥራ ያለፈ ነው። አንድን መድኃኒት እንዳትወስድ የሚከለክላት አለርጂ በመጀመሪያው ካርድ ላይ ተጽፎ፣ ሐኪሙ ሁለተኛውን ብቻ ሊያይ ይችላል። በትንተና በኩል ደግሞ አንዷ ሴት በአንደኛው ካርድ «ክትትል ያቋረጠች»፣ በሌላው «አዲስ ታካሚ» ሆና ሁለት ስህተት ትፈጥራለች። ጥሩ ሥርዓት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አምጥቶ ይፈልጋል፤ የእናት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥርም ያነጻጽራል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ቁጥርን ከሕክምና መዝገብ ጋር ማገናኘት ትኩረት የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆኖም ፋይዳ የሌለው ሕመምተኛ፣ በተለይ በድንገተኛ የመጣ ሰውና አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ መታከሙና መመዝገቡ ስለማይቀር ስምን በጥንቃቄ የመጻፍ ሥራ አይቀርም።

መተንተን ከመቁጠር በምን ይለያል?

መቁጠር «ስንት?» ይላል፤ ትንተና ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋር አጋጥሞ «ታዲያ ምን ማለት ነው?» ይላል። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱትን፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት እንውሰድ። አንድ ጤና ጣቢያ በሩብ ዓመቱ የመጀመሪያውን ዙር ለ80 ሕፃናት፣ ሦስተኛውን ለ62 ሰጠ እንበል። ከ80 ላይ 62 ሲቀነስ 18 ይቀራል፤ 18 ለ80 ሲካፈል 22.5 በመቶ ይመጣል። ይህ የማቋረጥ ምጣኔ ይባላል፤ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ችግር እንዳለ ይቆጠራል። ቁጥሩ የሚለው ግልጽ ነው፤ እናቶቹ ክትባቱን አልጠሉም፣ አንድ ጊዜ መጥተዋልና፤ እንዳይመለሱ ያደረጋቸው ነገር አለ። ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን አልቆ ይሆን? ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ተጋጭቶ ይሆን? ወይስ ቀጠሮው በደንብ አልተነገራቸው ይሆን?

አንዳንዴ ምጣኔው ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ማለትም ሦስተኛውን የወሰዱት ከመጀመሪያው በለጡ ይባላል። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሕፃናት በጥቂቱ ሊያብራሩት ቢችሉም፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው የምዝገባ ስህተትን ነው። በሪፖርት ላይ «እጅግ ጥሩ» መስሎ የሚታይ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚያጠራጥርበት ጊዜ አለ።

የድምር ሪፖርት እዚህ ላይ ያቆማል። የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ግን የ18ቱን ሕፃናት አንድ በአንድ የእናታቸውን ስም፣ ቀበሌና ስልክ ሊያወጣ ይችላል፤ ዝርዝሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲደርስ በመጪው ሳምንት የምታንኳኳው በር ይታወቃል። በኤችአይቪ ሕክምና የታየውም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሕክምናው የዕድሜ ልክ በመሆኑ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሰው ጀመረ?» መሆኑ ቀርቶ «ከጀመሩት ስንቱ ዛሬም እየወሰዱ ነው? በስንቱ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገትቷል?» የሚል ሆነ። ይህን ለመመለስ ያንኑ ሰው ለዓመታት መከተል ያስፈልጋል፤ የወር ድምር አይከተልም። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል፤ ክሊኒኩ 500 የደም ግፊት ታካሚዎች አሉኝ ማለቱ ብዙም አይነግረንም፤ በመጨረሻ ጉብኝታቸው ግፊታቸው ከ140/90 በታች የነበረው ስንቱ ናቸው የሚለው ነው ሕክምናው መሥራቱን የሚያሳየው።

ሽፋን ከ100 በመቶ የሚበልጠው ለምንድን ነው?

በየጊዜው «የክትባት ሽፋን 104 በመቶ» ዓይነት ቁጥር ያየ ሰው ሪፖርቱ ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ሽፋን ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ የተከተቡት ሕፃናት፣ ከታች መከተብ የነበረባቸው ሁሉ አሉ። የላይኛው ከመዝገብ ይመጣል፤ የታችኛው ግን ግምት ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በ2000 ዓ.ም. ተጠናቋል። ከዚያ ወዲህ የየወረዳው ሕዝብ የሚታወቀው በትንበያ ነው። ከተማ ያደገበት፣ ተፈናቃይ የሰፈረበት ወይም የወሰን ለውጥ የተደረገበት ወረዳ ካለ ግምቱ ከእውነታው ይርቃል፤ ስለዚህ የላይኛው ቁጥር ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ሽፋኑ 104 ሊወጣ ይችላል።

የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይህን አይፈታውም፤ ምክንያቱም ወደ ጤና ተቋም ያልመጣ ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው አገሮች የቤት ለቤት የናሙና ጥናት የሚያካሂዱት። በአውሮፓውያኑ 2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ሦስቱንም የፔንታ ዙር የወሰዱት 53 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ በዚያው ሰሞን ከተቋማት የሚመጣው ሪፖርት ግን ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር። ልዩነቱ በታችኛው ቁጥር ግምት ብቻ የሚብራራ አይደለም፤ የላይኛውም ተጋኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚጠቀሙበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት እዚህ ላይ ጠቃሚ የሚሆነው ቤተሰቦችን ከነሕፃናታቸው ስለሚመዘግብ፣ የመጡትንም ያልመጡትንም ስለሚያሳይ ነው።

ባዶ ቦታ ዜሮ ነው?

አይደለም። «በዚህ ሳምንት የኩፍኝ ሕመምተኛ አልመጣም» እና «በዚህ ሳምንት ሪፖርት አልላክንም» የሚሉት ሁለት ነገሮች በሠንጠረዥ ላይ ካልተለዩ የበሽታው ካርታ ይዋሻል። የበሽታ ቅኝት ሕግ ተቋማት ምንም ባያገኙም ዜሮ ብለው እንዲልኩ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከብዙ ተቋማት ሪፖርት ሲቋረጥ የተወሰኑ በሽታዎች የአገር ድምር ቢቀንስ፣ በሽታው ቀንሷል ማለት አልነበረም። ማንኛውንም ቁጥር ከማንበብ በፊት ሪፖርት ማድረግ ከነበረባቸው ተቋማት ስንቱ በወቅቱ ልከዋል ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ወረርሽኝ ከመዝገብ እንዴት ይታወቃል?

ወባን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሳወቀው በኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ሪፖርት ተደርጓል። ይህ ቁጥር ከሰኞ እስከ እሑድ በሚቆጠር ሳምንታዊ ሪፖርት ተሰብስቦ የመጣ ነው። ወረዳው ግን የአገሩን ድምር እስኪሰማ መጠበቅ የለበትም። የራሱን ያለፉት 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ቁጥሮች ያወጣል፤ 40፣ 55፣ 62፣ 90 እና 130 ናቸው እንበል። ከላይ ሁለተኛው፣ ማለትም 90፣ የማንቂያ መስመር ይሆናል። ትልቁ ቁጥር የሚተወው ያ ዓመት ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ሊሆን ስለሚችል ነው። በዚህ ሳምንት 104 ሰው ከታመመ መስመሩ ታልፏል፤ ወረዳው አጎበርና መድኃኒት መጠየቅ፣ ያቆረ ውኃ ማፋሰስ ይጀምራል።

የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይህን ስሌት በየዕለቱ ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያም አልፎ ወረቀቱ የማይችለውን ይጠይቃል። የተመረመሩት በዝተው ነው ወይስ ከተመረመሩት በሽታው የተገኘባቸው ድርሻ ጨምሮ? ታማሚዎቹ ከአንድ ቀበሌ ናቸው? ዕድሜያቸው ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ወጣቶችን ያመለክታል?

ትክክለኛነቱን ማን ያረጋግጣል?

እያንዳንዱ ተቋም በየወሩ ራሱን እንዲፈትሽ አሠራር አለ። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ሬጅስተሩ ተከፍቶ እንደገና ይቆጠራል፤ ስንቱ ከተላከው ጋር እንደተገናኙ ይታያል። ጊዜ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ በሐቀኝነት ከተሠራ ብዙ ያሳያል።

ትልቁ እንቅፋት ድርብ ሥራ ነው። በብዙ ተቋማት መብራትና ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ወረቀቱ አልተተወም፤ ነርሷ ሬጅስተሩንም ኮምፒውተሩንም እንድትሞላ ይጠበቅባታል። ሲጨናነቅ የምትተወው ኮምፒውተሩን ነው፤ በኋላ ሌላ ሰው ከሬጅስተሩ ቀድቶ ያስገባዋል። ያን ጊዜ የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ አምስተኛው ግልበጣ ይሆናል እንጂ ግልበጣን አያስቀርም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ተቋም «ወረቀት አልባ» ብሎ መጥራት ባለሙያዋንም ታካሚውንም መበደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መጠባበቂያ የኃይል ምንጭና ያለ ኢንተርኔት በተቋሙ ውስጥ የሚሠራ ሰርቨር ቀድሞ መሟላት ነበረበት።

የታካሚው ምስጢርስ?

የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከተሰጣቸው መረጃዎች አንዱ ነው። በጥሩ መዝገብ ካርድ ክፍሉ ስምና አድራሻን እንጂ የምርመራ ውጤትን አያይም፤ ማን የማንን ፋይል በስንት ሰዓት እንደከፈተም ይመዘገባል። አንዱ በሌላው የይለፍ ቃል የሚገባበት ልማድ ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ስም የሌለበት ሪፖርትም ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ነጻ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ «ሴት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት፣ 1 አዲስ የኤችአይቪ ታካሚ» ተብሎ ቢለጠፍ ጎረቤት ማን እንደሆነች ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ በይፋ በሚወጣ ሠንጠረዥ ላይ በጣም ትንንሽ ቁጥሮች ከሰፋ ያለ አካባቢ ወይም የዕድሜ ክልል ጋር መጠቃለል አለባቸው።

አዋጁ ታካሚው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተው እንዲታረም የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ዕድሜውና ስልክ ቁጥሩ የእሱ መሆናቸውን፣ የድሮው ካርዱ ከአዲሱ ጋር መገናኘቱን በምዝገባው መስኮት ላይ መጠየቅ ይችላል፤ መዝጋቢውም ስክሪኑን አሳይቶ ቢያርምለት መልካም ነው።